የፋሲል መዋኛ ናፖሊ ውስጥ ምን ይሠራል?

ናፖሊ ለታሪካችን እንግዳ ከተማ አይደለችም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ደጃዝማች መኮንን (በኋላ ራስ) የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ጣሊያን ሲሄዱ ከመርከብ የወረዱት እዚህ ወደብ ላይ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1882 ዓ.ም. ከክሪስፒ ጋር የተዋዋሉት ተጨማሪ ውልም የተፈረመው በዚችው ከተማ ነው። ብድሩ አራት ሚሊዮን ሊሬ፣ መያዣው የሐረር ጉምሩክ! ቀለሙ በደረቀ በአሥረኛው ቀን ክሪስፒ ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር አድርጌያለሁ ብሎ ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ። የዚህ ነገር መጨረሻ ዐድዋ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም አማርኛ ያስተምር የነበረው በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የዚያ ዘመኑ ሥራ ነው። በ1928ቱ ወረራ ደግሞ ከዚሁ ወደብ ስንትና ስንት ወታደር እየተጫነ ወደ ምጽዋ ተልኳል።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ነበር። ቅዳሜና እሁድ። ሥራው በቅኝ ግዛት ዘመን ለተነሡ ፎቶግራፎች መግለጫ መጻፍ ሲሆን፣ ለእኔ የደረሱኝ በ1932 ዓ.ም. ናፖሊ ላይ በተከፈተ አንድ ኤግዚቢሽን የተነሡ ናቸው። ቦታው እስከ ዛሬ አለ ሲሉኝ አላስቻለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራችን እንዳበቃ በባቡር ፉኦሪግሮታ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ሰፈሩን የኳስ ወዳጆች ያውቁታል፤ ማራዶና የተጫወተበት ስታዲየም እዚያ ነው።

ከስታዲየሙ ማዶ ባለው ሰፊ ግቢ ውስጥ የፋሲለደስ መዋኛ ቆሟል! በእርግጥ ቅጂው ነው። ውሃ መካከል የተሠራ ግንብ፣ ድልድይ፣ በግንቡ ዙሪያ ገንዳ። ጎንደር ያለውን አይቼ ስለማውቅ ማነጻጸር አላቃተኝም። የእኛው አጥር ድንጋዩን የትላልቅ ዛፎች ሥር አቅፎት የሚታይ፣ በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ገንዳው ውሃ የሚሞላ፣ ታቦታት የሚያድሩበት ነው። የናፖሊው አፄ ፋሲልንም ጥምቀትንም አያውቅም። ለትዕይንት የተሠራ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው አያስነውርም፤ የቀረጹት ሰዎች ልካቸውን ይዘዋል።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ግንቦት 1 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ሙሶሊኒ «ንጉሠ ነገሥት ግዛት» ያለውን ያወጀበት አራተኛ ዓመት ነበር። ንጉሡ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ራሱ ተገኝቶ መረቀው። ሰኔ 3 ቀን ጣሊያን ጦርነት ገባች፤ በወሩ በሩ ተዘጋ። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ጎንደርን ገዛሁ ለማለት የተገነባው ግንብ ባለቤቱን አልጠበቀውም።

ግንብ ያው ግንብ ነው፤ የከበደኝ የሰዎቹ ጉዳይ ነው። ለትዕይንቱ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች በመርከብ ተጭነው መጥተው ነበር። የቅኝ ግዛት ወታደሮችና ፖሊሶች ነበሩባቸው፤ ሴቶችና ሕፃናትም እንዲሁ። ግቢው ውስጥ ጎጆ ተቀልሶላቸው ጎብኚ እየመጣ እንዲያያቸው ተደረገ። ጦርነቱ ሲነሣ የባሕሩ መንገድ ተዘጋ። አገራቸው መመለስ አልቻሉም፤ ከተማ ውስጥም እንደ ልብ መንቀሳቀስ የለም፤ የዘር ሕጉ ጥቁርና ነጭ እንዲቀራረብ አይፈቅድምና በዘበኛ ተጠብቀው ተቀመጡ። ቦምቡ በናፖሊ ላይ ሲበረታ ወደ ሰሜን፣ ማርኬ ወደሚባለው አውራጃ ተወስደው ትሬያ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ቪላ ውስጥ ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ማቴዎ ፔትራቺ የተባለ ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል። ጣሊያን እጇን ሰጥታ ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ በዚያ አውራጃ ተራሮች ላይ የሸፈቱ አርበኞች ነበሩ። በጥቅምት 1936 ዓ.ም. መሣሪያ ፍለጋ ቪላውን ወረሩ። ከእነዚያ ለትዕይንት ከመጡት ሰዎች ጥቂቶቹ አብረዋቸው ወደ ተራራው ወጡ! ከመካከላቸው ካርሎ አባመጋል የሚባል ኢትዮጵያዊ ኅዳር 14 ቀን 1936 ዓ.ም. ከጀርመን ጋር ሲዋጋ ወደቀ። መቃብሩ ሳን ሰቬሪኖ በምትባለው ከተማ ነው።

የተቀላቀሉት ጓድ በመሪው በማሪዮ ዴፓንገር ስም «ባንዳ ማሪዮ» ይባል ነበር። ባንዳ! ቃሉን ወደ እኛ ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ መደበኛ ላልሆነው የአገሬው ተወላጅ ጦራቸው የሰጡት ስም ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከከሐዲ በቀር ሌላ ፍቺ የለውም፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስድብ ነው። በማርኬ ተራሮች ላይ ያው ቃል አርበኛ የሚሰለፍበት ጓድ መጠሪያ ሆነ። ከጣሊያን ባንዲራ ሥር የነበረ ሰው አገሩ ላይ ቢሆን ባንዳ፤ እዚያ ሲዋጋም የባንዳ አባል። ቃሉ አንድ፣ ሰውየውም አንድ።

እሁድ ጠዋት ይህን ለጉባኤው ሳወራ፣ በናፖሊ ብዙ ዘመን የኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«ታዲያ ልጄ፣ ምን ልትላቸው ነው? ባንዳ ናቸው አርበኛ?»

«ተራራ የወጡትን አርበኛ እላለሁ፣ እትዬ።»

«የቀሩትንስ?»

እውነትም የቀሩት ይበዛሉ። ሕፃን ያዘለች እናት በየትኛው ቃል ትጠራለች? ሆዳቸውን ለመሙላት ደንብ ልብስ የለበሱትንስ? ፋሺስትን አምኖበት ያገለገለ አልነበረም አልልም፤ በእንዲህ ያለ ነገር የዋህ መሆን አይገባም። ግን ፎቶግራፉ ላይ ከጎጆው ደጃፍ የተቀመጠችውን ሴት አይቼ ይህን ልመሰክርባት አልችልም። መግለጫው ባዶ እንዲሆንም አልፈለግሁም። ሴትዮዋ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«በግድ የቆየች ብለህ ጻፍ» አሉኝ። «መምጣቷን አናውቅም፤ መቆየቷ ግን በግድ ነው።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ቀኑንና ቦታውን ጨመርኩበት፤ ለስሟ አንድ መስመር ክፍት ተውኩ።