ራሱን ለናቀ ሰው መጽሐፍ ምን ይረዳዋል? ከሊድስ እስከ ጃፓን የተጓዘ የአንድ መጽሐፍ ታሪክ

ወደ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው የትምህርት ፍላጎት ሲሆን ሁለተኛው «እኔ ከሌሎቹ አንሳለሁ» የሚል የተሰወረ ፍርሃት ነው። ከመካከላችን ጥያቄ ለመጠየቅ እጁን አንሥቶ ሌላው ሳያየው መልሶ ያወረደ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ወዳጆቹ «እገሌ የጻፈውን መጽሐፍ አንብብ፤ ልብህ ይጠነክራል» ይሉታል። ለመሆኑ መጽሐፍ ይህን ያህል ኃይል አለውን? ካለውስ የሚሠራው በምን መንገድ ነው? ይህንን ለመመርመር ከዚህ ዓይነት መጻሕፍት ሁሉ ስመ ጥር የሆነውን፣ የሳሙኤል ስማይልስን «ራስን መርዳት» መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስማይልስ በ1812 በስኮትላንድ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ከተማ በሆነችው በሊድስ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። መጽሐፉ ግን የተጀመረው በእርሱ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ድሆች ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች በክረምት ማታ ማታ እየተሰበሰቡ፣ ጥቂት የሚያውቀው ምንም የማያውቀውን እያስተማረ፣ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ይማማሩ ጀመር። ቁጥራቸው እየበዛ ወደ መቶ ሲጠጋ ሰፊ ቤት አስፈለጋቸውና ቀድሞ የኮሌራ በሽተኞች ይታከሙበት የነበረውን ባዶ አዳራሽ ተከራዩ፤ በሽታውን ፈርቶ ማንም አይፈልገውም ነበርና። በ1845 ስማይልስን መጥቶ እንዲያነጋግራቸው ለመኑት። እርሱም ከእነርሱ በማይሻል ኑሮ የተነሡ ሰዎችን ታሪክ አወራላቸው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ማታ፣ የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ስማይልስ መጣ። ያ ሰው ከሰሚዎቹ አንዱ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ሌሎችን የሚያሠራ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ የሰማው ቃል እንደ ረዳው ሲነግረው፣ ስማይልስ ንግግሩን ወደ መጽሐፍ ለመለወጥ አሰበ። ጽሑፉን በ1855 ያቀረበለት አሳታሚ አልቀበልም አለው። በ1859 ግን በለንደን በጆን መሪ ማተሚያ ቤት ወጣ፤ የዳርዊን «የዝርያዎች አመጣጥ» የወጣውም በዚያው ዓመት፣ ከዚያው አሳታሚ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 20,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ።

በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አብዛኞቹ ከዝቅተኛ ኑሮ የመጡ ናቸው። ጆርጅ ስቲቨንሰን የባቡርን ሥራ ካስፋፉት መሐንዲሶች ዋናው ሲሆን፣ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ማንበብ አይችልም ነበር። ሊቪንግስተን በ10 ዓመቱ በጥጥ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ከመጀመሪያው ደመወዙ ላይ የላቲን ሰዋስው ገዛ። ፈረንሳዊው ሸክላ ሠሪ ፓሊሲ ነጩን የሸክላ ቅብ ለማግኘት ብዙ ዓመት ደክሞ፣ ማገዶ ቢያልቅበት የቤቱን ዕቃ እምድጃው ውስጥ ጨመረ። ለአንባቢው የሚደርሰው ነገር «አንተ ታላቅ ነህ» የሚል ውዳሴ አይደለም፤ «የጀመሩበት ቦታ አንተ ካለህበት አይበልጥም» የሚል ማስረጃ ነው።

የጃፓንን ነገር አንባቢያችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደዚያ ተጉዘው ከጻፉት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ያውቀው ይሆናል። የእኛ ታሪክ ግን ከዚያ 60 ዓመት ይቀድማል። ናካሙራ ማሳናኦ የተባለ የኮንፊውሸስ ትምህርት ሊቅ በ1866 የቶኩጋዋ መንግሥት ተማሪዎች አስከትሎ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እዚያ ሳለ መንግሥቱ ስለ ወደቀ በ1868 ተመለሰ። ሲመለስ አንድ እንግሊዛዊ ወዳጁ የስማይልስን መጽሐፍ ሰጠው። ናካሙራ ከተሸነፉት የቶኩጋዋ ሰዎች ጋር በሺዙኦካ ተቀምጦ መጽሐፉን ተረጎመ፤ በ1871ም ታትሞ ተፈጸመ። አንባቢዎቹ እነማን ነበሩ ቢባል፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ማዕርጋቸውንና ቀለባቸውን ያጡ የሳሙራይ ልጆች ነበሩ። የሰው ዋጋ በትውልዱ ይለካል ሲባል ላደጉና ያ መለኪያ በአንድ ቀን ለተሰበረባቸው ወጣቶች፣ ሰው በሥራው ይመዘናል የሚለው ነገር ትልቅ መጽናኛ ሆነ። መጽሐፉም በትምህርት ቤቶች መማሪያ ሆኖ፣ በሜጂ ዘመን አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂ እንደ ተሸጠ ይነገራል።

ይሁን እንጂ ነቀፋውን መሸፈን አይገባንም። በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶች እጅግ ጥቂት ናቸው። ደግሞም «የጣረ ሁሉ ያገኛል» የሚለው አስተሳሰብ ሲገለበጥ፣ «ያላገኘ ሁሉ ሰነፍ ነው» ወደሚል ፍርድ ያደርሳል። በደመወዝ ማነስና በበሽታ የተጎዳውን ሰው ይህ ፍርድ ይበልጥ ያዋርደዋል። ስማይልስ ራሱ በ1866 እትም መቅድም ላይ፣ ርእሱ ሰዎችን ወደ ራስ ወዳድነት ትርጉም እንደ መራቸው ገልጦ ተጸጽቷል፤ ራስን መርዳት ጎረቤትን መርዳትንም ይጨምራል ሲል አስረድቷል።

የኋላ ዘመን ምርምርም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2009 ጆአን ውድና ባልደረቦችዋ ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚገምቱ ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ቃል ደጋግመው እንዲናገሩ ቢደረግ፣ ካልደገሙት ይልቅ ስሜታቸው ከፋ። ልብ የማያምነው ውዳሴ ጉድለትን ያስታውሳልና። በሌላ በኩል ሐኪሙ ዴቪድ በርንስ በ1980 ባወጣው መጽሐፍ አንባቢውን ያሠራዋል። አንባቢው ራሱን የሚወቅስበትን ሐሳብ በአንድ ዓምድ፣ በሐሳቡ ውስጥ ያለውን ስሕተት በሁለተኛው፣ ትክክለኛውን መልስ በሦስተኛው ይጽፋል። በ1995 የወጣ አንድ ጥናት ይህ መጽሐፍ የተሰጣቸው የድባቴ ሕመምተኞች ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ እንደ ተሻላቸው አሳይቷል። ሆኖም አንባቢዎቹ ብቻቸውን አልተተዉም፤ በየሳምንቱ በስልክ የሚጠይቃቸው ሰው ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው አንድ ነገር ነው። በሊድስ መጀመሪያ የመጣው ማኅበሩ ነው፤ መጽሐፉ የተከተለው በኋላ ነው። ናካሙራም መጽሐፉን ብቻ ለቅቆ አልተቀመጠም፤ በ1873 በቶኪዮ ትምህርት ቤት ከፈተ። ራሱን ለናቀ ሰው የሚበጀው መጽሐፍ የሚያመሰግነው ሳይሆን ትንሽ ሥራ የሚያዝዘው ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው ጋር ቢነበብ ይበልጣል። ኀዘኑ ከጠናበትና እንቅልፍና ምግብ ከከለከለው ግን፣ መጽሐፉ ሳይሆን ሐኪም ይቅደም።

ስለዚህ እጁን አንሥቶ ያወረደውን ጓደኛችንን «ይህን አንብብ» ብለን ብቻ አንለፈው። «ማታ አብረን እናንብበው» እንበለው። የሊድስ ወጣቶች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ለእነርሱም የኮሌራ ቤት በቅቷቸዋል።