ገዢው ማዕከላዊ ባንክ ሲሆን

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2022 የእንግሊዝ ባንክ የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንዶችን ከገበያ እንደሚገዛ አስታወቀ። ከማስታወቂያው በፊት ከ5 በመቶ በላይ ወጥቶ የነበረው የ30 ዓመት ቦንድ ወለድ በዚያው ዕለት ከአንድ መቶኛ ነጥብ በላይ ወረደ። ባንኩ በመጀመሪያው ቀን የገዛው ግን 1 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ብቻ ነበር። ከ2 ትሪሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ የዕዳ ገበያ በዚህ መጠን አይገለበጥም። ገበያውን ያዞረው ገዢው ማን እንደሆነ መታወቁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ቀን በፊት ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሊዝ ትረስ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር ክዋሲ ክዋርቴንግ ወደ 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የግብር ቅነሳ ይፋ ሲያደርጉ ጉድለቱ በምን እንደሚሸፈን አልተናገሩም። አበዳሪዎች ቦንዱን መሸጥ ጀመሩ። ዋጋው ሲወርድ ወለዱ ይወጣልና፣ ጉዳቱ ማንም ብዙ ያላሰበበት ቦታ ላይ አረፈ፦ የጡረታ ፈንዶች ላይ። ፈንዶቹ ለዓመታት የመንግሥት ቦንድ እያስያዙ ተበድረው ሌላ ቦንድ ሲገዙ ቆይተዋል። የመያዣው ዋጋ ሲቀንስ አበዳሪዎቻቸው ተጨማሪ መያዣ በሰዓታት ውስጥ እንዲያቀርቡ ጠየቋቸው። ፈንዶቹ ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት በእጃቸው ያለውን ቦንድ ሸጡ፤ ሽያጩ ዋጋውን ይበልጥ አወረደው፤ የዋጋው መውረድ ደግሞ አዲስ የመያዣ ጥያቄ አስከተለ። ይህን ዙር ሊሰብር የሚችለው የፈለገውን ያህል ፓውንድ መፍጠር የሚችል ገዢ ብቻ ነበር።

ችግሩ ይህ ገዢ በዚያው ሰሞን በተቃራኒው መንገድ ላይ መሆኑ ነው። የዋጋ ንረቱ 10 በመቶ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ባንኩ ወለድ እየጨመረ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ካከማቸው 875 ቢሊዮን ፓውንድ ቦንድ ላይም መሸጥ ሊጀምር ቀናት ቀርተውት ነበር። ስለዚህ ወዲያው የተነሳው ጥያቄ ከባድ ነበር። ባንኩ የተናጋ ገበያ እያረጋጋ ነው? ወይስ ለአንድ መንግሥት የግብር ቅነሳ ገንዘብ እያተመ? የሁለቱም የሂሳብ መዝገብ ያው አንድ ነው፤ ቦንድ ይገባል፣ አዲስ ገንዘብ ይወጣል። መዝገቡን ብቻ የሚያይ ሰው አይለያቸውም።

የለያቸው ቀን ነው። ግዢው ኦክቶበር 14 ያበቃል ተባለ። የባንኩ ኃላፊ አንድሪው ቤይሊ ኦክቶበር 11 ቀን ዋሽንግተን ላይ ለፈንዶቹ ሦስት ቀን እንደቀራቸው ሲናገሩ ብዙዎች ጨካኝ፣ ምናልባትም ግዴለሽ ንግግር አድርገው አዩት። ይህ ጸሐፊ ግን የዚያ ወር ቁልፍ ውሳኔ ይህ ነበር ይላል። ቀኑ ቢራዘም ኖሮ መንግሥት በጀቱን ሳያስተካክል ባንኩን ከጀርባው ማቆም እንደሚችል ይረጋገጥ ነበር። ቀኑ አልተራዘመም። ግዢው በቆመበት ዕለት ክዋርቴንግ ከሥልጣን ተነሱ፤ ተተኪያቸው ጀረሚ ሃንት ከሦስት ቀን በኋላ የግብር ቅነሳውን አብዛኛውን ክፍል ሻሩ፤ ትረስም በዚያው ሳምንት እንደሚለቁ አስታወቁ። እስከ 65 ቢሊዮን ፓውንድ ሊደርስ ይችል የነበረው ግዢ 19.3 ቢሊዮን ላይ ቆመ፤ የተገዛውም ሁሉ እስከ ጃንዋሪ 12 ቀን 2023 ተሸጦ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1694 ለንጉሥ ዊልያም 3ኛ የጦር ወጪ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለማበደር ለተመሠረተ ባንክ፣ መንግሥትን በዚህ መልኩ እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

እምቢ ማለት ያልተቻለበት ጊዜ ምን እንደሚመስል አሜሪካ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1942 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ ለጦርነቱ ወጪ ሲባል የአጭር ጊዜውን የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ በ0.375 በመቶ ሊይዝ ተስማማ፤ የረጅም ጊዜው ቦንድ ደግሞ ከ2.5 በመቶ እንዳያልፍ ተደረገ። ጣሪያውን ለመጠበቅ ገበያው ያልፈለገውን ሰነድ ሁሉ መግዛት ግድ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ግዴታው አላበቃም። ፕሬዚዳንት ትሩማን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጦርነት ቦንድ የገዙ ዜጎች ቦንዳቸው ረክሶ ሲከስሩ ያዩ ሰው ስለነበሩ፣ ያ እንዳይደገም አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ሐሳባቸው ቅን ነው። የኮሪያ ጦርነት ከተነሳ በኋላ ግን ዋጋ ተተኮሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 መጀመሪያ የዋጋ ጭማሪው ወደ ዓመታዊ ስሌት ሲቀየር 21 በመቶ ደረሰ። ጃንዋሪ 31 ቀን ትሩማን የባንኩን የገበያ ኮሚቴ አባላት ወደ ኋይት ሐውስ ጠሩ፤ ከስብሰባው በኋላም ቤተ መንግሥቱ ባንኩ ወለዱን ሊደግፍ ቃል ገብቷል አለ። ማሪነር ኤክልስ የተባሉት የቦርዱ አባል እንዲህ ያለ ቃል እንዳልተሰጠ የሚያሳየውን የስብሰባ ማስታወሻ ለጋዜጦች አወጡት። ማርች 4 ቀን ግምጃ ቤቱና ባንኩ መስማማታቸው ይፋ ሆነ፤ ወለድን አስሮ የመያዙ ግዴታም ቀረ።

በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ወለዱ ስለ መንግሥት ብድር የመክፈል አቅም የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የሚናገረው ስለ ትእዛዙ ብቻ ነበር።

አውሮፓ ሌላውን ጫፍ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 የስፔን የ10 ዓመት ቦንድ ወለድ ከ7 በመቶ አልፎ ሳለ፣ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ ዩሮን ለማዳን ባንካቸው በሥልጣኑ ልክ ማንኛውንም እንደሚያደርግ ለንደን ላይ ተናገሩ። በሴፕቴምበር የወጣው የግዢ ፕሮግራም አገሮች አስቀድመው የማሻሻያ ስምምነት እንዲፈርሙ የሚያስገድድ ነበር። በዚህ ፕሮግራም እስከ ዛሬ አንድ ቦንድ እንኳ አልተገዛም፤ ወለዱ ግን ወረደ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ጉዳይ ከሁሉም ይለያል። የበጀት ጉድለት ለዓመታት ሲሸፈን የኖረው በቀጥታ ብድር ነው፤ ባንኩ የመንግሥትን ሂሳብ ይሞላ ነበር፣ መሐል ላይ ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት ገበያ አልነበረም። ገበያ ከሌለ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ወለድ አይኖርም፤ ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ሸማቹ ዘንድ በጤፍና በዘይት ዋጋ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ባንኩ ይህን ብድር ካለፈው ዓመቱ መጠን ሲሶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ በጁላይ 2024 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተፈረመው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራምም ብድሩ እንዲቀር ይጠይቃል። ገደቡ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ባንኩ ማበደሩን ሲያቆም በምትኩ የመንግሥትን ዕዳ ማን እንደሚገዛ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ በዝቅተኛ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ በኖቬምበር 2022ም 20 በመቶውን በአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ ላይ እንዲያውሉ መመሪያ ወጥቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በገበያ ዋጋ የሚካሄደው የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ከእነዚህ የሚሻለው ገዢው ወለዱ ካልጣመው ሊተወው ስለሚችል ነው። ስለዚህ የጨረታውን ውጤት የሚከታተል ሰው ከተሸጠው መጠን ይልቅ ወለዱን ከዋጋ ንረቱ ጋር ያስተያይ፤ ወለዱ ከንረቱ በታች ሆኖ ሳለ ሰነዱ ሁሉ ከተሸጠ፣ ገዢዎቹ በፈቃዳቸው መጥተው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።