ፈትል

ፈትል ከጥጥ፣ ከበግ ጠጕር ወይም ከሐር የተገኘውን ለስላሳ ጭረት በጣት እየሳቡና በእንዝርት እያሾሩ ክር የማድረግ ጥበብ ነው፤ በዚሁ ስም ክሩም ራሱ፣ ከክሩም የተሠራው ልብስ ይጠራል። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ፈትል ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው የጥጥ ፈትል ሲሆን፥ መፍተሉ በአብዛኛው የሴቶች፣ መሸመኑ ደግሞ የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ በጋሞ ተራሮች ባሉት በዶርዜዎች ዘንድም ይኸው የሥራ ክፍፍል ይታያል። ስለ ኢትዮጵያ ልብስ የተጻፈው ሁሉ ሸማኔውንና ጥለቱን አብዝቶ ሲያመሰግን የፈታዪቱን እጅ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ማለፉ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የሸማ ልስላሴና ውፍረት፣ ገላ ላይ አወራረዱም ጭምር፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ከማንሣቱ በፊት በእንዝርቱ ላይ ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው።

ስሙና ትርጓሜው

ቃሉ ከግእዙ ግሥ ከ«ፈተለ» የወጣ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ጠመዘዘ፣ አከረረ ማለት ነው፤ በዐረብኛም «ፈተለ» መጠምዘዝን፣ በዕብራይስጥም «ፈቲል» ክርን ወይም ፈትልን ስለሚያመለክቱ፥ ሥሩ ለሴማውያን ልሳናት የጋራ መሆኑ አያጠራጥርም። «ክር» የሚለው ቃልም ከ«ከረረ» ጋር ዘመድ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ጠብ ከረረ፣ ነገር ከረረ ስንል ከልክ በላይ ተጠምዝዞ ሊበጠስ የደረሰውን ፈትል እየጠቀስን ነው።

አሠራሩ

የተለቀመው ጥጥ አስቀድሞ ይዳመጣል፤ ይኸውም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኑረው ቀጭን ብረት ሲያንከባልሉበት ፍሬው ወደ ፊት እየተፈለቀቀ ሲወጣ ጥጡ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት በተመታ ቍጥር ጥጡ እየተፍታታና እየተነፋ ሄዶ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውም ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል። ፈታዪቱ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን በሌላው እጇ ከጭኗ ላይ አንከባልላ ትለቅቀዋለች፤ እንዝርቱ ሲሾር ጭረቱ እየተሳበ ይከርራል፤ የከረረውም በእንዝርቱ ዘንግ ላይ እየተጠቀለለ ልቃቂት ይሆናል።

ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ቢመስልም፥ ጥበቡ ያለው ሁለቱ እጆች እርስ በርስ በሚጠባበቁበት ቅጽበት ነው። የጥጥ ጭረት አጭር ነው፤ በብዙ ዐይነቶች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ጭረቱ በብዛት ሲወጣ ክሩ ይጐረብጣል፣ ሲያንስ ይበጠሳል፣ ሽክርክሪቱ ሲበዛ እንደ ጅራፍ ይጠማዘዛል፣ ሲጐድል ደግሞ ጭረቶቹ ሳይያያዙ እየተንሸራተቱ ይለያያሉ። በዚህም ላይ ፈታዪቱ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማ ታውቃለች፤ ለድር የሚሆነው ተወጥሮ የሸማኔውን ምት ስለሚችል በርትቶ መክረር አለበት፤ ለማግ የሚሆነው ግን ላላ ብሎ ቢፈተል ጨርቁን ለስላሳና ሙቀት ያዥ ያደርገዋል። አራት እጥፍ የሚሆነው ጋቢ ከባድ ሆኖ ሳለ ገላን የማይቈረቍረው ማጉ እንዲህ በላላ እጅ የተፈተለ ሲሆን ነው። የፋብሪካ ክር ከገባ ወዲህ ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከገበያ ገዝተው ማጉን ብቻ በእጅ ከተፈተለው የሚያደርጉት፥ ድር የሚጠይቀውን እኩልነት ማሽን በቀላሉ ስለሚሰጥ፣ የማግን ልስላሴ ግን ከእጅ በቀር የሚሰጠው ስለሌለ ይመስላል።

ስለ ጥጥ አመጣጥ የተነሣ ክርክር

በኢትዮጵያ ጥጥ መቼና ከየት እንደ ተጀመረ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። ጥንታዊ ከሆኑት ማስረጃዎች ዋነኛው በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዒዛና ያስጻፈው የድል ጽሑፍ ነው፤ ንጉሡ በኖባ ላይ ዘምቶ ድል ካደረገ በኋላ የእህልና የጥጥ ጎተራዎቻቸውን አጥፍቶ ሴዳ ወደ ተባለው ወንዝ እንደ ጣለ በግእዝ ይተርካል። ይህ ቃል ግን የሚመሰክረው በአባይ ዳር ስለ ነበረው ሕዝብ ጥጥ እንጂ አክሱማውያን ራሳቸው ጥጥ ይዘሩና ይፈትሉ እንደ ነበር አይደለም፤ ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ጽሑፉን ለአክሱም የጥጥ ሥራ ማስረጃ አድርገው መጥቀሳቸው በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ፥ በ1ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሮማዊው ፕሊንዮስ ከግብጽ ጋር በምትዋሰነው ኢትዮጵያ ሱፍ የሚያፈሩ ዛፎች እንዳሉ ቢናገርም፥ የጥንት ጸሓፊዎች ኢትዮጵያ የሚሉት ኖባን ማለትም የመርዌን አገር ስለ ነበር፥ ይህንንም ምስክርነት ወደ ዛሬዪቱ ኢትዮጵያ መሳብ አያስኬድም። በዚያው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ የሚታመነው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ደግሞ ወደ አዱሊስ ከግብጽ ልብስ፣ ከህንድም የጥጥ ጨርቅ ይገባ እንደ ነበር ይዘረዝራል። ከዚህ ተነሥቶ ጥበቡ ከህንድ በባሕር መጣ ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ጨርቅ ከውጭ መግዛት በአገር አለመፈተልን አያረጋግጥም፤ ዛሬም ቢሆን ሁለቱ ጐን ለጐን ይኖራሉ።

ጥጥ ከመርዌ አገር፣ ማለትም ከአባይ ሸለቆ፣ መጣ የሚለው ክርክር ግን በረታ ያለ መሠረት አለው። ግሪፊዝ እና ግሬስ ክራውፉት እ.ኤ.አ. በ1934 በአባይ ሸለቆ ስለ ነበረው ጥንታዊ የጥጥ አጠቃቀም ባሳተሙት ጥናት ከመርዌ ዘመን መቃብሮች የወጣውን የጥጥ ጨርቅ መርምረዋል፤ ክራውፉት ከዚያ አስቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፥ በግብጽና በሱዳን ሴቶች እጅ ያየችውን የአፈታተል ልማድ ሁሉ እየለየች ጽፋለች፤ ፈታዮችን ራሳቸውን ጠይቀው ከጻፉት ጥቂት ሊቃውንት አንዷ ስለሆነች ስሟ በክብር ሊነሣ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናትም በኖባ በምትገኘው በቀስር ኢብሪም የተገኘ ጥንታዊ ጥጥ በዘር ቅንጣቱ ተመርምሮ የህንዱ የዛፍ ጥጥ ሳይሆን ከአፍሪካ ጋር የሚያያዘው ዐይነት መሆኑ ተገልጧል። በአክሱም ቍፋሮ የእንዝርት ክቦች ስለ ተገኙ በከተማይቱ ይፈተል እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ የእንዝርት ክብ ግን ጥጥም ይፈተልበት የበግ ጠጕር አይናገርም። ጥጥ በግእዝ «ጡጥ» መባሉና ከዐረብኛው «ቁጥን» ጋር አለመመሳሰሉም ነገሩ በቀይ ባሕር ማዶ ካሉት ነጋዴዎች ጋር አለመምጣቱን የሚያመለክት ሊመስል ይችላል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ፈትል በቤተ ክርስቲያን ትውፊት

በኦሪት ዘጸአት የደብተራ ኦሪት ሥራ ሲተረክ በልባቸው ጥበበኞች የሆኑ ሴቶች በእጃቸው እንደ ፈተሉ ተጽፏል፤ በመጽሐፈ ምሳሌም በ31ኛው ምዕራፍ የምትመሰገነው ልባም ሴት እንዝርት ይዛ ትታያለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በኢትዮጵያውያን ልብ የገባው ግን የብሥራት ታሪክ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጻፈ በሚገመተውና በያዕቆብ ስም በሚጠራው የልደተ ማርያም መጽሐፍ፥ ካህናት ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ፈትል ለደናግል በዕጣ ሲያከፋፍሉ ለእመቤታችን ሐምራዊውና ቀዩ ይደርሳታል፤ መልአኩም የሚያበሥራት በሥራዋ ላይ ሳለች ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህንን ሲተርኩ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ይላሉ። ስለዚህ መጋቢት 29 ቀን የሚታሰበውን ብሥራት የሚሥሉ ሠዓሊዎች ቅዱስ ገብርኤልን ቆሞ፣ ድንግልን ደግሞ እንዝርት ወይም ክር በእጇ ይዛ ያሳያሉ፤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎችም ይህንኑ ሥርዓት ይጠብቃሉ፤ በምዕራብ ሠዓሊዎች ዘንድ ግን ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ የእንዝርቱን ቦታ መጽሐፍ እየወሰደው ሄዷል። አንዲት የገጠር ሴት በቅኔ ማሕሌቱ ግድግዳ ላይ የራሷን የዘወትር ሥራ በድንግል እጅ ስታይ ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። ይኸው አክብሮት በዓል በሆነ ዕለት እንዝርት እንዳይነሣ ከሚያዝዘው ልማድ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

በእጅ የተፈተለ ጥጥ ከልብስ ሌላም አገልግሎት ይሰጣል። ጧፍ የጥጥ ፈትል በሰም ተነክሮ የሚሠራ ነው፤ በክርስትና ጊዜ በአንገት የሚታሰረው ማዕተብም ፈትል ነው፤ ትውፊት የማዕተብን ጅማሬ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ክር ገምዶ ለምእመናን እንዳሰረ ለሚነገርለት ለያዕቆብ ዘእልበረዳይ ይሰጣል።

ባለ ቀለም ክር

የኢትዮጵያ ሸማ መሠረቱ ነጭ ነው፤ ቀለሙ በጥለቱ ብቻ ይገባል። ቀድሞ ለጥለትና ለጃኖ የሚሆነው ቀይና ሰማያዊ ክር ከውጭ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ይገኝ እንደ ነበር ተጓዦች ጽፈዋል፤ ፈታዪቱ ለዚህ ሥራ አዲስ ክር አትወልድም፣ የሌላውን ሸማኔ ሥራ ፈትታ እንደ ገና ታከርራለች እንጂ።

ሱፍና ሐር

በመንዝ የበግ ጠጕር ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሠራበታል።

ሐር በጥንት ዘመን ከውጭ የሚመጣ ነበር፤ በለንደንና በቶሮንቶ ቤተ መዘክሮች የሚገኙት የጎንደር ዘመን ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች፣ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያላቸው፥ ክራቸው ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ እንደ ሆነ ይገመታል። በቅርብ ዘመን ግን የጉሎ ቅጠል የሚበላው የሐር ትል በአገር እየረባ ነው። የዚህ ትል ጎጆ በአንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ እንደ ሌላው ሐር አንድ ወጥ ክር ሆኖ አይመዘዝም፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል፤ ክሩም ወፈር ቀጠን ያለና ድምቀቱ የረጋ ይሆናል።