የግቢ መግቢያ ጠርዝና ዝቅ ያለ መኪና

የመግቢያ ጠርዝ ጉዳት የሚባለው፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል መኪና በመንገዱና በግቢው በር መካከል ያለውን የሲሚንቶ ጠርዝ ወይም የቦይ መሻገሪያ ሲያልፍ ፓራውልቱ፣ የሞተር ዘይት የሚይዘው ኮፓ ወይም የጭስ ማውጫው ማርሚታ ሲፋቅ የሚደርሰው ነው። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ዝናቡ ብዙ በመሆኑ የመንገድ ዳር ቦይ ግድ ነው፤ ቀዩ አፈር ደግሞ ከመሻገሪያው ጫፍ ሥር በጎርፍ እየተጠረገ፣ በበጋ ደልዳላ የነበረው መግቢያ በነሐሴ እርከን ሆኖ ይገኛል።

በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2.5 ሜትር ርቀት፣ ከሆዱ እስከ መሬት ደግሞ 14 ሴንቲ ሜትር ያለው መኪና ዳገት ጨርሶ ወደ ሜዳ ሲወጣ፣ ዳገቱ በአንድ ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚነሣ ከሆነ ሆዱ ይፋቃል፤ ሰውና የቡና ጆንያ ጭኖ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ልኩ ወደ 17 ይወርዳል።

ዘላቂው መፍትሔ መኪናውን ሳይሆን መግቢያውን ማረም፣ ማለትም የዳገቱን ግማሽ ያህል ብቻ ያዘነበለ መሸጋገሪያ ከላይና ከታች መሥራት ነው። ቦዩን በድንጋይና በአፈር መሙላት ርካሽ ቢመስልም ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ ስለሚመልስ የሚደገፍ አይደለም፤ ቱቦ ቀብሮ ወይም የብረት ፍርግርግ ከድኖ መሻገር ይሻላል። ከሞላው ጋር የሚገጠም ስፔሰር መኪናውን ያነሣዋል፣ ነገር ግን አላይመንቱ እንደገና ካልተስተካከለ ጎማ ይበላል። እስከዚያው ጠርዙን በሰያፍ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጎማ እያሳለፉ፣ በዝግታ መሻገር ይረዳል። ኮፓው ተመትቶ የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።