ጠፋ ከተባለ በኋላ የተገኘው የባሕር ወፍ

አልባትሮስ የሚባለው ታላቅ የባሕር ወፍ በአገራችን ስለማይገኝ፥ ከእኛ መካከል ስሙን የሚያውቁት በመጽሐፍ ያነበቡት ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ በሩቅ ምሥራቅ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ በዚህ ወፍ የደረሰው ነገር የሰውን ስስትና የሰውን ትጋት ባንድነት የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ ልንጽፈው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶሪሺማ ከቶኪዮ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ እሳተ ገሞራ ያለባት የጃፓን ደሴት ናት። ጭራው አጭር የሆነው የአልባትሮስ ዓይነት ከጥንት ጀምሮ በዚህች ደሴት ጎጆውን ይሠራ ነበር። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ2 ሜትር ያልፋሉ። በአየር ላይ ሲንሳፈፍ እጅግ ያማረ ሲሆን፥ በምድር ላይ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ለመነሣትም መንደርደር ያስፈልገዋል። ከሰው መሸሽን ስለማያውቅ ጃፓኖች «አሆዶሪ»፥ ማለት «ሞኝ ወፍ» ብለው ጠሩት።

በ1887 ታማኦኪ ሃንኤሞን የሚባል ነጋዴ ሠራተኞች ይዞ በደሴቲቱ ሰፈረና ወፎቹን ስለ ላባቸው ማስገደል ጀመረ። አዳኞቹ ጠመንጃ አላስፈለጋቸውም፤ እንቁላሉን የታቀፈውን ወፍ በዱላ እየመቱ ይጥሉት ነበር። እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተገደለው ወደ 5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። በ1902 እሳተ ገሞራው ፈንድቶ በደሴቲቱ የነበሩትን 125 ሰዎች ፈጀ፤ ነገር ግን የላባው ትርፍ ከእሳቱ ፍርሃት ስለ በለጠ፥ ከጊዜ በኋላ ሌሎች መጥተው ሥራውን ቀጠሉ። በ1933 መንግሥት አደኑን ቢከለክል፥ የቀሩት ወፎች ጥቂት ብቻ ነበሩ።

በ1949 ኦሊቨር ኦስቲን የተባለው አሜሪካዊ የአዕዋፍ ሊቅ በደሴቶቹ አካባቢ ፈልጎ አንድ እንኳ ስላላገኘ፥ ወፉ ሳይጠፋ እንዳልቀረ ጻፈ። ነገር ግን በ1951 መጀመሪያ በቶሪሺማ የአየር ጠባይ ለመመዝገብ ከተመደቡት ሠራተኞች አንዱ 10 ያህል ወፎች አየ። የተረፉበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ወጣት አልባትሮስ ከጎጆው ከበረረ በኋላ ወደ ምድር ሳይመለስ ለብዙ ዓመታት በባሕር ላይ ይኖራል። ስለዚህ ዱላው ያልደረሰባቸው ጥቂቶች ገዳዮቻቸው ከሄዱ በኋላ ወደ ተፈለፈሉበት ስፍራ ተመለሱ።

እነዚያ ሠራተኞች የተመደቡት ለነፋስና ለዝናብ ሲሆን፥ ወፎቹንም መጠበቅ እንደ ግዴታቸው ቆጠሩት። በ1965 ምድር መንቀጥቀጥ ስለ በዛ ጣቢያው ተዘጋ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሂሮሺ ሃሴጋዋ የተባሉት መምህር ወደ ደሴቲቱ ይመላለሱ ጀመር። ጎጆዎቹ ያሉበት አመድማ ቁልቁለት እየተናደ እንቁላሉን ይዞት ስለሚሄድ፥ አፈሩን እንዲይዝ ሣር ተተከለ። በ1990ዎቹም ሜዳማ በሆነ ስፍራ የወፍ ምስሎች አቁመው የወፎቹን ድምፅ በማሰማት፥ አዲስ መንደር እንዲመሠርቱ አባበሏቸው። ከ2008 እስከ 2012 ደግሞ፥ እሳተ ገሞራው ዘራቸውን በአንድ ቀን እንዳይጨርሰው ተሰግቶ፥ 70 ጫጩቶች 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሙኮጂማ ደሴት ተወስደው በሰው እጅ እየተመገቡ አደጉ፤ 69ኙም በረሩ።

ዳሩ ግን ቀድሞ መሸሸጊያቸው የነበረው ባሕር ዛሬ ለአልባትሮሶች ሁሉ አደገኛ ሆኗል። አሣ አጥማጆች ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ሲጥሉ፥ ወፉ መብሉን አያለሁ ብሎ መንጠቆውን ይውጥና ከገመዱ ጋር ይሰጥማል። በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ ስለማይጥል የሞተውን ቶሎ አይተካም። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም፤ ገመዱን በሌሊት መጣል፥ ፈጥኖ እንዲሰምጥ ክብደት ማሰር፥ ወፎቹን የሚያስፈራ ጥብጣብ ከመርከቡ በስተኋላ መዘርጋት ነው። በ2004 የጸናው የአልባትሮስ ጥበቃ ስምምነትም መንግሥታት በዚህ እንዲተባበሩ ያሳስባል።

10 ያህል የነበሩት ዛሬ በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ለላባ ሲባል በ50 ዓመት ያህል የጠፋውን ለመመለስ 70 ዓመት ተደክሞ ገና አልተፈጸመም። በመዝገብ ሥራ ላይ የምንገኝ እኛም ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ፤ ሊቁ የለም ያለውን፥ በሥራው ላይ ተገኝቶ ያየውን ያስታወቀ አንድ ሠራተኛ አስገኝቶታል።