ከ625 መስመር ወደ 4ኬ፦ የቴሌቪዥን መቀበያ ሳጥን ታሪክ ከካዛንቺስ ሲታይ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሊመስል ይችላል። ጥያቄው የሚሰማው በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር የምናስቀምጠው፣ ከኢንተርኔት ፊልምና ዜና የሚያመጣልን ትንሽ ሳጥን ገበያው 4ኬ የሚለውን እጅግ ከፍተኛ የምስል ጥራት መቻል አለበት ወይስ ገና ነው? ቴክኒካዊው መልስ ከምሕንድስና ፋኩልቲ ይገኛል። እኔ የማቀርበው ግን ይኸው ጥያቄ በዚህ ከተማ ከዚህ በፊት እንዴት እንደተነሣና በየጊዜው ወጪውን ማን እንደከፈለ ነው። መልሴንም አላዘገይም። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት፣ ለምስሉ ሲባል ብቻ የ4ኬ ሳጥን መግዣው ጊዜ አልደረሰም። የ4ኬ ቀረጻ ጊዜ ግን ደርሷል፤ እንዲያውም እያለፈን ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ በማቋቋሙም የብሪታንያው ቶምሰን ድርጅት ረድቷል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሥርዓቱም የአውሮፓው የ625 መስመር ሥርዓት ነበር። ከእነዚህ መስመሮች ለዓይን የሚታዩት 576 ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ የከተማችን ምስል ለአርባ ዓመታት ያህል የተሰፈረው በዚህ ቁና ነውና።

ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን ነው። እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች በቸልታ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ፓል የተባለው የቀለም ሥርዓት የተነደፈው አሮጌው ጥቁርና ነጭ ተቀባይም ያንኑ ሥርጭት እንዲያሳይ ተደርጎ ነው። ማዕከሉ ወደ ቀለም ሲሻገር ባለ አሮጌ ቴሌቪዥኑ ቤተሰብ ቀለሙ ቀረበት እንጂ ዜናው አልቀረበትም። በእኛ ዘመን ልጆች አንድ ቴሌቪዥን ካለበት የጎረቤት ቤት መሬት ላይ ተደርድረን ስናይ፣ ዕቃው ባለ ቀለም መሆን አለመሆኑ የባለቤቱ ኩራት ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። አዲሱ አሮጌውን አላባረረውም።

ዲጂታሉ ዘመን ይህን ውል አፈረሰ። ከኮድ የተሠራ ምስል ኮዱን የማያውቅ ሳጥን ዘንድ ሲደርስ በከፊል እንኳ አይታይም፤ ጨለማ ነው። ኤምፔግ ሁለት ብቻ የሚያነብ ሪሲቨር በኤምፔግ አራት የተላከን ጣቢያ ድምፁን ቢያሰማ እንኳ ምስሉን አያሳይም። ጣቢያው የተሻለ ጥራት መረጠ ማለት በተመልካቹ ጣሪያ ሥር ያለው ዕቃ ሞተ ማለት ሆነ። ስለ 4ኬ ስንነጋገር ልናስበው የሚገባው ይህን ለውጥ ይመስለኛል፤ የፒክስሉ ብዛት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የዚህን ውል መፍረስ ካዛንቺስ በጣሪያዋ ላይ አይታዋለች። የሰፈሩ ስም ራሱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤቶች ድርጅት፣ ከካዛ ኢንቺስ፣ የመጣ መሆኑን ታውቃላችሁ። ለቅጥረኛ ሹማምንት የታቀደው ሰፈር ከጊዜ በኋላ የቀበሌ ቤትና የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቡና ቤትና የሆቴል ሰፈር ሆነ፤ ጣሪያዎቹም ዲሽ አበቀሉ። ኢቢኤስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀምር፣ ቃና ደግሞ በ2008 ዓ.ም. (የሁለቱ ዘመን አቆጣጠር አንድ ቁጥር ላይ መግጠሙ ለተማሪ ወጥመድ ነው፤ ተጠንቀቁ) የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ፣ የከተማው ዲሽ በአብዛኛው ያነጣጠረው በናይልሳት አቅጣጫ፣ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ሲታይ ይህ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ማየት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበርና የሉክሰምበርጉ የሳተላይት ኩባንያ ኤስኢኤስ ኢትዮሳትን አስጀመሩ፤ ጣቢያዎቹም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ተዛወሩ። ያን ጊዜ ወደ ምዕራብ አጎንብሶ የኖረው ዲሽ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ወደ ሰማይ ቀና አለ። ከኡራኤል እስከ ቂርቆስ፣ ከመሿለኪያ እስከ ላንቻ፣ የዲሽ ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ ከቤት ቤት ዞረ። ለውጡ ጥቅም እንዳለው አልክድም። ጣቢያዎቻችን ከባዕድ ጎረቤት ጣቢያዎች ተለይተው የራሳቸውን መድረክ አገኙ፤ በከፍተኛ ጥራት፣ ማለትም በኤችዲ፣ የሚያሠራጩትም በረከቱ። ነገር ግን ውሳኔው የተሰጠው በላኪው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ የማዞሪያውን ዋጋና የአዲሱን ሪሲቨር ወጪ የሸፈነው ተቀባዩ ነው። በ1957 የመቀበያ ዕቃውን ዋጋ ይከፍል የነበረው ጥቂት ባለጸጋ ነበር፤ በ2012 ግን ከፋዩ በቀበሌ ቤት የሚኖር የቀን ሠራተኛም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የቀድሞው ዲጂታል ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ፒክስል አለው። ኤችዲ 1920 በ1080 ሲሆን ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160፣ በድምሩ 8,294,400 ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ስቱዲዮ ከለመደው ልክ በትክክል ሃያ እጥፍ ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለዚህ ደረጃ ምክረ ሐሳቡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ የጃፓኑ ኤንኤችኬ በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. መደበኛ የ4ኬና የ8ኬ ሳተላይት ሥርጭት ጀምሯል።

ሃያ እጥፍ ማለት ግን ዓይን ሃያ እጥፍ ያያል ማለት አይደለም። ጤናማ ዓይን የሚለየው ዝቅተኛ ስፋት በግምት የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ1080 መስመር ቢከፈል እያንዳንዱ መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዓይን ይህን ግማሽ ሚሊ ሜትር ለይቶ ማየት የሚችለው ከ1.7 ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ነው። ለ32 ኢንች ርቀቱ ወደ 1.3 ሜትር ያጥራል፤ ለ55 ኢንች ወደ 2.2 ሜትር ይረዝማል። በቀበሌ ቤትም ሆነ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ሶፋው በአንድ ግድግዳ፣ ቴሌቪዥኑ በሌላው ነውና በመካከላቸው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ አለ። በዚህ ርቀት የ43 ኢንቹ ተመልካች የኤችዲውን መስመር እንኳ ነጥሎ አያይም፤ የ4ኬውን በምን ያየዋል?

ከ576 ወደ 1080 የተደረገው ሽግግር ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ እርሱን ዓይን ያያል፣ ፊደላችንም አትርፎበታል። የግእዝ ፊደል በቅጥያና በስንጥር የሚለያይ ነው። በዜና ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ በአሮጌው ሥርዓት ሲቀርብ የሳድሱና የግእዙ ልዩነት ይጠፋ ነበር፤ ቀጭኑ አግዳሚ መስመርም ይንቀጠቀጥ ነበር።

የኢንተርኔቱስ ዋጋ? ኔትፍሊክስ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጨምሮ ከመቶ ሠላሳ በሚበልጡ አገሮች በአንድ ቀን ሲከፈት፣ በአዲስ አበባ የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከተዘረጋ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፍቷል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 የአምስተኛውን ትውልድ ሙከራ በመዲናዋ ጀመረ፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ። ይሁንና ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚጠይቀው ፍጥነት በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት ነው። ይህን በሰዓት ብትመቱት ሰባት ጊጋ ባይት ይጠጋል፤ ኤችዲ ሲሆን ሦስት ገደማ ነው። ፓኬጁን በጊጋ ባይት ለሚገዛ ቤተሰብ፣ አንድ የሁለት ሰዓት ፊልም በስምንት ጊጋ ባይት ትርፍ መግዛት ማለት ነው፤ ያውም ዓይን ለማይለየው ነገር።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። በመካከላችሁ ያለ አስተዋይ ተማሪ፣ «ሳጥን ለአምስት ስድስት ዓመት የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ዛሬ የማያስፈልገው ነገ ያስፈልገዋልና አስቀድሞ መግዛት አይሻልም ወይ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ያለው በፒክስሉ ሳይሆን ምስሉን በሚያምቀው ኮድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ኤችኢቪሲ፣ ወይም ኤች.265፣ ያንኑ ጥራት ከቀዳሚው ኤች.264 በግማሽ ያህል ዳታ ያደርሳል። በ2018 የወጣውና ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚሠራው ኤቪ1 ደግሞ ከዚያም የተሻለ ያምቃል። እነዚህን የሚያነብቡት ቺፖች በአብዛኛው የሚገኙት 4ኬ በሚችሉ ሳጥኖች ውስጥ ነው። ስለዚህ የካዛንቺሱ ቤተሰብ የ4ኬ ሳጥን ገዝቶ ባለ 32 ኢንቹን ቴሌቪዥን በኤችዲ ቢያይበት፣ የሚጠቀመው ከመስመሩ ሳይሆን ከእመቃው ነው፤ ያው ፊልም በአነስተኛ ዳታ ይደርሰዋል። ያንን የዲጂታል ጨለማም ለጥቂት ዓመታት ያርቅለታል።

ሆኖም በሳጥኑ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው «4ኬ» ይህን አያረጋግጥም። ርካሽ የአንድሮይድ ሳጥኖች ዋይድቫይን በተባለው የቅጂ መጠበቂያ ሥርዓት ዝቅተኛውን፣ ሦስተኛውን ደረጃ ብቻ ሲይዙ፣ ኔትፍሊክስ ምስሉን ከኤችዲ በታች ይልክላቸዋል። ደንበኛው 4ኬ ገዝቶ በማዘጋጃ ቤቱ ዘመን የመስመር ልክ ያያል። ሻጩም ብዙውን ጊዜ አያውቀውም። ዩቲዩብ ላይ ይህ ገደብ ስለሌለ ልዩነቱ ሳይታወቅ ይኖራል፤ በርእሳቸው «4ኬ» የለጠፉ የአማርኛ የሙዚቃ ቪዲዮዎችን የምናየው እዚያው ነውና። እግረ መንገዴን ልበልና፣ በእኛ አገር 4ኬን ከማንም ቀድሞ የተቀበለው ዜናው ሳይሆን ዘፈኑ ነው።

አሁን ከሳጥኑ ወደ ቀረጻው ልሻገር። በካዛንቺስ አፋፍ ላይ የቆመው የአፍሪካ አዳራሽ በአርቱሮ መዘዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥራ በ150 ካሬ ሜትር ላይ ተዘርግቶ ይገኝበታል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አልተወለደም፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይቀረው ነበር። ዕለቱን ለዓለም ያሳየው በሴሉሎይድ ፊልም የሚቀርጸው የዜና ካሜራ ነው። ሴሉሎይድ መስመር አይቆጥርም። በደንብ የተያዘ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ዛሬ በ4ኬ ቢቃኝ በጊዜው በሲኒማ መጋረጃ ላይ ያልታየ ዝርዝር ይወጣዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያው ሰፈር በቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸ ምስል ግን ከ576 መስመሩ አያልፍም፤ ማንኛውም ሳጥን ያልተቀረጸውን ሊጨምርበት አይችልም። የ1955ቱ ካዛንቺስ ከ1975ቱ ካዛንቺስ ይልቅ ጥርት ብሎ ሊታየን ይችላል። ታሪክ ወደ እኛ በቀረበ ቁጥር እየደበዘዘ የሚሄድበት እንዲህ ያለ ዘመን ከዚህ ሌላ አላጋጠመኝም።

የመስመሩ ማነስ የምስሉን ኃይል ያሳጣል ማለቴ አይደለም። ማይክል ቡርክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ከኮረም ያቀረበው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው የረሃብ ዘገባ በብሪታንያ ቤቶች የታየው በዚሁ በ625 መስመር ነው፤ ዓለምንም አነቃነቀ። ነገር ግን ለማስነሣት የሚበቃ ምስል ለመመርመር ላይበቃ ይችላል። የታሪክ ተማሪ የፊቱን ገጽታ፣ የበሩን ጽሑፍ፣ የአጥሩን ቆርቆሮ ማንበብ ይፈልጋል።

የአፍሪካ አዳራሽ እድሳቱ ተጠናቆ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ። በዚያው የዘመን መለወጫ ሰሞን በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ነዋሪ ዕቃውን ጭኖ፣ ዲሹንም ከጣሪያው ነቅሎ ወደ ሌላ ሰፈር ተሻገረ። ቤቶቹ ፈርሰዋል። ብዙ ወጣቶች የልጅነት በራቸውን በስልካቸው ቀርጸዋል፤ ስልኮቹም አብዛኞቹ 4ኬ ይቀርጻሉ። ቀረጻዎቹ ግን በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲላኩ ይታመቃሉ፤ ዋናው ቅጂ በስልኩ ውስጥ ቀርቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እናንተ ተማሪዎች ከቤተሰቦቻችሁና ከጎረቤቶቻችሁ እነዚህን ዋና ቅጂዎች፣ ሳይታመቁ፣ በሃርድ ዲስክ እንድትሰበስቡ፣ ቀኑንና የቤቱን ቁጥር ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር እንድትጽፉ እጠይቃለሁ። ሳጥኑን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈለግነውን መርጠን ከሱቅ እንገዛዋለን፤ ዋጋውም እስከዚያው ይወርድ ይሆናል። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን የድሮውን መንገድ ግን ዳግመኛ ወጥቶ የሚቀርጽ የለም።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።