የደመወዝ ወለል አመጣጥና የክራድሊ ሂዝ ሰንሰለት ሠሪ ሴቶች

የደመወዝ ወለል ማለት አሠሪና ሠራተኛ ቢስማሙ እንኳ ከእሱ በታች መዋዋል በሕግ የተከለከለ የክፍያ መጠን ነው። መንግሥታት ግን በደመወዝ ጉዳይ እጃቸውን ሲያስገቡ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያበጁት ወለል ሳይሆን ጣሪያ ነበር። በእንግሊዝ አገር ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ሕዝቡን ከጨረሰ በኋላ የሰው ጉልበት በመወደዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1351 የወጣ ሕግ ሠራተኛው ከወረርሽኙ በፊት ይከፈለው ከነበረው በላይ እንዳይጠይቅ ከለከለ። የ1563ቱ ሕግ ደግሞ የክፍያውን ልክ የመወሰን ሥልጣን ለየአካባቢው ዳኞች ሰጠ። ዳኞቹ በአብዛኛው ራሳቸው ባለመሬትና አሠሪ ነበሩ። ይህ ሥልጣን የተሻረው በ1813 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደመወዝ በአብዛኛው ለገበያ ተተወ።

ወለሉን በሕግ መጣል የተጀመረው በአውሮፓ ሳይሆን በሩቅ ደቡብ ነው። ኒው ዚላንድ በ1894 የደመወዝ ክርክር በግልግል ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ደነገገች። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ በ1896 ለስድስት የሥራ ዘርፎች ቦርድ አቋቋመች፤ ከነዚህም መካከል የዳቦ፣ የጫማ፣ የልብስ ስፌትና የቤት ዕቃ ሥራ ይገኙበታል። በየቦርዱ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ወኪሎች እኩል ተቀምጠው ዝቅተኛውን ክፍያ ይወስናሉ። ዓላማው ግን ከእድፍ የጸዳ አልነበረም። በቤት ዕቃ ዘርፍ ቻይናውያን አናጢዎች ብዙ ስለነበሩ፣ ሕጉን ከደገፉት አንዳንዶቹ የፈለጉት እነሱን ከሥራው ማስወጣት ነበር።

ለመሆኑ ሠራተኛ ስንት ሊከፈለው ይገባል? ለዚህ ጥያቄ ቀደም ብለው ዝርዝር መልስ ከሰጡት አንዱ የአውስትራሊያው ዳኛ ሄንሪ ሂጊንስ ናቸው። በ1907 አንድ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ፍትሐዊና ተገቢ ክፍያ መክፈሉን እንዲመረምሩ ጉዳዩ ቀረበላቸው። ሕጉ «ፍትሐዊ» የሚለውን ቃል ሳይተረጉም ስለተወው፣ ዳኛው የፋብሪካውን ትርፍ ትተው የሠራተኛውን ጓዳ መረመሩ። የሜልቦርን የቤት እመቤቶች ለኪራይ፣ ለምግብና ለማገዶ የሚያወጡትን ቀርበው እንዲናገሩ አደረጉ። ያለ ሙያ የሚሠራ ሰው ሚስቱንና ሦስት ያህል ልጆቹን ይዞ በሰውነት ደረጃ ለመኖር በቀን 7 ሺሊንግ እንደሚያስፈልገው ወሰኑ። ፍርዱ የተመሠረተበት ሕግ በማግሥቱ ዓመት በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢወድቅም፣ መለኪያው ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ደመወዝ መሠረት ሆኖ ኖሯል። የስሌቱ ጉድለት ግን ከባድ ነበር። ቤተሰብ አስተዳዳሪ ወንድ ብቻ ነው ተብሎ ስለተቆጠረ፣ በ1919 የሴቶች መሠረታዊ ክፍያ ከወንዶቹ ክፍያ 54 በመቶ ገደማ ሆኖ ተቆረጠ። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ዳቦና ኪራይ በግማሽ ዋጋ አይሸጥላትም ነበር።

የቪክቶሪያ ቦርድ ሐሳብ ወደ ብሪታንያ የተሻገረው በቤት ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ጉስቁልና ገሃድ ሲወጣ ነው። በ1906 ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ በለንደን ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን፣ ሴቶች በተመልካች ፊት እየሠሩ ለያንዳንዱ ሥራ የሚከፈላቸው ሳንቲም ተገለጠ። በ1909 የንግድ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል የንግድ ቦርዶችን ሕግ ለፓርላማ አቀረቡ። ክርክራቸው ማኅበር በሌለበት ሙያ ደግ አሠሪ በክፉው፣ ክፉውም ከእሱ በባሰው ዋጋ እየተሰበረ ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል የሚል ነበር። ሕጉ የጀመረው በአራት ዘርፎች ነው፤ በልብስ ስፌት፣ በካርቶን ሳጥን፣ በዳንቴል ማጠናቀቅና በሰንሰለት ሥራ።

የሰንሰለቱ ሥራ ማዕከል በበርሚንግሃም አቅራቢያ የምትገኘው ክራድሊ ሂዝ ናት። ትልልቁን የመርከብ ሰንሰለት ወንዶች በፋብሪካ ሲሠሩ፣ ቀጭኑን ሴቶች በጓሯቸው በተቀለሰ ጠባብ ቤት ውስጥ ወናፍ እየነፉ በመዶሻ ይቀጠቅጡ ነበር። ሕፃናት ከእሳቱ አጠገብ ይውላሉ። ዘንጉን የሚያቀርበውና የተሠራውን መዝኖ የሚረከበው ደላላ ሲሆን፣ የራሱን ድርሻ ከሴቶቹ ክፍያ ላይ ይቆርጣል። ከ50 ሰዓት በላይ ለፍታ በሳምንት 5 ወይም 6 ሺሊንግ የምታገኝ ብዙ ነበረች።

ቦርዱ በ1910 በሰዓት ሁለት ፔንስ ተኩል እንዲከፈል ወሰነ። ለ54 ሰዓት ሳምንት 11 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ ይሆናል፤ ቀድሞ ከሚገኘው እጥፍ ያህል ነው። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረበት። ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ፣ አሠሪው ለተጨማሪ ስድስት ወር በአሮጌው ዋጋ ማሠራት ይችላል። አሠሪዎች በዚህ ጊዜ በርካሽ ብዙ ሰንሰለት አሠርተው ለማከማቸት አሰቡ፤ የስምምነት ወረቀትም ለሴቶቹ አቀረቡ። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳያውቁ ምልክት አደረጉበት።

የስኮትላንድ ተወላጇ ሜሪ ማካርተር በ1906 ያቋቋመችው የሴት ሠራተኞች ፌደሬሽን ጉዳዩን ያዘው። በነሐሴ 1910 ሴቶቹ ወረቀቱን አንፈርምም በማለታቸው ሥራ ተዘጋባቸው፤ ለአሥር ሳምንታትም መዶሻቸውን አሳረፉ። ቁጥራቸው 800 ያህል ሲሆን፣ ከመካከላቸው ፔሸንስ ራውንድ 79 ዓመቷ ነበር። ማካርተር የሴቶቹን ፎቶግራፍ ለጋዜጦች ታድል ነበር፤ የፓቴ ኩባንያም ፊልም ቀርጾ በየሲኒማ ቤቱ አሳየ። ከመላ አገሪቱ ወደ 4,000 ፓውንድ የሚጠጋ መዋጮ ስለጎረፈ፣ የማኅበሩ አባል ያልነበሩት ጭምር ድጎማ አገኙ። አዲሱን ዋጋ ለመክፈል የተስማማ አሠሪ ስሙ በይፋ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን የመጨረሻው አሠሪ ፈረመ። ከመዋጮው በተረፈው ገንዘብ የሠራተኞች መሰብሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶ በ1912 ተመረቀ። ሕጉ ዋጋውን ቢጽፍም፣ ዋጋው ወደ ሴቶቹ እጅ የገባው አንፈርምም ብለው አሥር ሳምንት ስለጸኑ ነው፤ ይህ የታሪኩ ዋና ጉዳይ ነው። የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ቶኒ በ1914 ባሳተመው ጥናት፣ ክፍያው ማደጉንና አስቀድሞ የተፈራው ሥራ አጥነት አለመምጣቱን አሳየ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ በፍጥነት ተስፋፋ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1928 የደመወዝ ወለል አወሳሰንን የሚመለከት ስምምነት አጸደቀ። አሜሪካ በ1938 በሰዓት 25 ሳንቲም በፌደራል ሕግ ደነገገች፤ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ግን ከጥበቃው ውጭ ቀሩ፤ በደቡቡ ክፍል ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። በብሪታንያ የቦርዶቹ ወራሽ የሆኑት የደመወዝ ምክር ቤቶች ከእርሻው በቀር በ1993 ተዘጉ። ከ1999 ጀምሮ ግን ለአዋቂ ሠራተኛ በሰዓት 3.60 ፓውንድ የሆነ አገር አቀፍ ወለል ሥራ ላይ ዋለ። መጠኑን የሚያጠናው ኮሚሽን ከአሠሪው፣ ከሠራተኛውና ከገለልተኛ ወገን የተውጣጡ ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት ነው፤ አወቃቀሩ ከ1909ኙ ቦርድ ብዙም አይርቅም።

የቦርዱ መንገድ ኢትዮጵያም ደርሷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌደሬሽን በጠራው አገር አቀፍ አድማ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የደመወዝ ወለል ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው የደመወዝ ስኬል ሲወጣላቸው፣ በግሉ ዘርፍ ለሁሉም የሚሠራ ወለል ሳይኖር ብዙ ዓመታት አለፉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደነገገ። በአዋጁ መሠረት ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገት፣ የሥራ ገበያውንና ሌሎች ሁኔታዎችን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል፤ ሥልጣንና ኃላፊነቱ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌደሬሽንም (ኢሠማኮ) ደንቡ ወጥቶ ቦርዱ ሥራ እንዲጀምር በየጊዜው ሲጠይቅ ቆይቷል።